«ደህና ነው» ብቻ አትበሉኝ
ያረጀ ውሻን ወይም ድመትን ትቶ ለወራት ከአገር መውጣት፦ ምርጫው፣ ወጪውና ዝግጅቱ

እናቴ የአሜሪካ ቪዛ ያገኘች ቀን ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲደሰት እሷ ብቻ ዝም ብላ በረንዳው ላይ የተኛውን ውሻ ታያለች። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «ታዲያ መከታን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው?» አለች።

እህቴ ሜሪላንድ ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን ሐምሌ ላይ ልትወልድ ነበር። እናታችን ከሰኔ አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ፣ አምስት ወር ያህል አብራት ልትቆይ ታስቧል። መከታ ደግሞ 12 ዓመት ሞልቶታል። አባቴ ከማረፉ ጥቂት ዓመታት በፊት በጃኬቱ ውስጥ አቅፎ ያመጣው ቡችላ ነው፤ ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ጠዋት የኋላ እግሮቹ አይታዘዙለትም፤ አንድ ዓይኑ ደመና ለብሷል፤ ለመገጣጠሚያው በየቀኑ መድኃኒት ይወስዳል። አንዲት ጎረቤታችን «አንቺ፣ ለውሻ ብለሽ የልጅ ልጅሽን ሳታቅፊ ልትቀሪ ነው?» ብለው ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ባለፈው ጉዞዋ የሆነውን አልረሳችውም።

አንድ ወር ሙሉ «ደህና ነው»

ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ ለእህቴ ሠርግ ለአንድ ወር ሄዳ ነበር። ውሻውን የተውነው ለግቢው ጥበቃ ነው። ጥበቃችን ደግና ታማኝ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። እናቴ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ደህና ነው እትዬ፣ ምንም አያስቡ።» እኔም ሰሚት ካለው ኮንዶሚኒየሜ ኮተቤ ድረስ እሁድ እሁድ ብቅ እያልኩ፣ ጅራቱን ሲቆላ አይቼ እመለሳለሁ።

እናቴ ስትመለስ የጎን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። በኋላ እንደሰማነው በመጀመሪያው ሳምንት ለአራት ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ የበዓል ዶሮ ወጥ ትራፊ ከነአጥንቱ ተሰጠው፤ አስመለሰው፤ ደከመ። ጥበቃችን ይህን ሁሉ ያልተናገሩት በክፋት አይደለም። ሰው አገር ያለን ሰው በመጥፎ ወሬ አለማስደንገጥ ያደግንበት ወግ ነው። መርዶ እንኳ ቀን ተመርጦለት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ለሰው ይህ ርኅራኄ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ያረጀ እንስሳ ግን የተደበቀችው አንዲት ቀን እንኳ ውድ ናት።

ስለዚህ በዚህኛው ጉዞ መፍታት የነበረብን ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ገንዘቡ ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው እውነቱ እንዲነገረን ማድረግ ነው።

ያረጀ የሚባለው መቼ ነው?

ትልልቅ ውሾች ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላቸው፣ ትንንሾቹ ደግሞ ዘግየት ብለው ወደ አሥር ዓመት ሲጠጉ እንደ ሽማግሌ ይቆጠራሉ። ድመቶች ከአሥር ዓመት በኋላ ወደዚያው ይገባሉ። እርጅና ራሱ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ወጣት ውሻ ሁለት ቀን ባይበላ ሦስተኛው ቀን ያካክሰዋል፤ ያረጀው ግን አቅሙ የሚመለሰው በስንት ጊዜ ነው። ኩላሊት ይደክማል፣ ጥርስ ይበላሻል፣ መገጣጠሚያ ይቆስላል፣ ዓይንና ጆሮ ይደነግዛሉ። ዓይኑ የደከመ ውሻ ግቢውን የሚያውቀው በልማድ ነው፤ ውኃው የት እንዳለ፣ ደረጃው የት እንደሚጀምር፣ ጥላው የት እንደሚያርፍ። ከዚያ ቦታ ሲነቀል ሁሉንም በአንድ ቀን ያጣል።

የእንስሳት ሐኪሟ ስለ ቦታ ስንጠይቃት የመጀመሪያ ምክሯም ይኸው ነበር፦ ከተቻለ ሰው ወደ ውሻው ይምጣ እንጂ ውሻው ወደ ሰው አይሂድ።

አራቱ ምርጫዎች

አብሮ መውሰድ። እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንን ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ የውሾችን አገባብ አጥብቃለች። ኢትዮጵያ የውሻ እብደት በሽታ በብዛት አለባቸው ተብለው ከተመዘገቡት አገሮች አንዷ ናት። በዚህ ምክንያት እዚህ የተከተበ ውሻ ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ፣ በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የተረጋገጠ የክትባት ቅጽ፣ ቀድሞ የተያዘ የእንስሳት መቀበያ ማዕከልና በተፈቀደ ላቦራቶሪ የተሠራ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። የደም ምርመራው ከሌለ 28 ቀን ተለይቶ ይቆያል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመውሰድም ደሙ ክትባቱ ከተሰጠ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሦስት ወር ይጠበቃል። ጠቅልሎ ለሚሄድ ቤተሰብ ይህ ሁሉ የሚገባ ልፋት ነው። ለአምስት ወር ጉብኝትና ለ12 ዓመት ውሻ ግን ረጅሙ በረራ ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር፤ ተውነው።

ዘመድ ቤት። የኔ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። መከታን በቀን ሦስቴ ተሸክሞ መውረድ ለእሱም ለወገቤም አይሆንም። ዘመድ ቤት ስታስቡ ከፍቅሩ በፊት ደረጃውን፣ ትንንሽ ልጆችን፣ እዚያ ያለውን ሌላ ውሻ አስቡ።

የውሻ ማደሪያ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሾችን ተቀብለው የሚያሳድሩ ጥቂት ቦታዎች አሉ። ለሳምንት ለአሥር ቀን ጥሩ መፍትሔ ሊሆኑ ይችላሉ። ሄዳችሁ ሳታዩ ግን አትስማሙ። የክትባት ካርድ የማይጠይቃችሁ ማደሪያ የሌሎቹንም አልጠየቀምና ከዚያ ውጡ። ሌሊት ሰው ያድራል ወይ? መድኃኒት የሚሰጠው ማነው? ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ መኝታው ምንድን ነው? እነዚህን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ቤቱ ሆኖ ሰው እንዲንከባከበው። ለብዙ ያረጁ እንስሳት፣ በተለይ ከሰው ይልቅ ቤት ለሚለምዱት ድመቶች፣ የሚሻለው ይህ ነው። እኛም የመረጥነው እሱን ነው።

ሒሳቡ

የሥራዬ ጉዳይ ሆኖ የማስታወቂያ ዋጋ ሳወዳድር ነው የምውለው። እዚያ የተማርኩት አንድ ነገር የቀን ዋጋ እንደሚያታልል ነው። በቀን 300 ብር የሚል ዋጋ ትንሽ ይመስላል፤ በ150 ቀን ሲባዛ ግን 45,000 ብር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠቅላላውን አስሉ።

እናቴ ግቢ ውስጥ አንድ የሰርቪስ ክፍል አለ። የተከራየው ወጣት መምህር ነው፤ ክረምቱን ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ቤት ይውላል፣ ከመስከረም በኋላም ከሰዓት ይመለሳል። ውሻው ያውቀዋል። ኪራዩ 5,000 ብር ነበር፤ ለአምስቱ ወር 3,000 እንዲከፍል ተስማማን። ለጥበቃችን ደግሞ በወር 1,500 ብር ጨመርን። የመምህሩ 10,000 ብር፣ የጥበቃችን 7,500 ብር፣ በድምሩ 17,500 ብር ሆነ። ከእጃችን በጥሬው የወጣው የጥበቃችን ብቻ ነው፤ ሌላው ሳይገባ የቀረ ኪራይ ነው። ምግቡን እናቴ ብትኖርም ባትኖርም የምታወጣው ስለሆነ በጉዞው ላይ አልደመርነውም።

የሰርቪስ ክፍል የሌለው ሰው ምን ያድርግ? የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ወይም አዲስ ተመራቂዎችን ጠይቁ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ ከዚያ የሚወጡ ወጣቶች ብዙዎቹ ትርፍ ሥራ ይፈልጋሉ። ሌላው መንገድ መፈራረቅ ነው፦ ውሻ ያለው ጎረቤት ክረምት ላይ የእናንተን ይጠብቃል፣ እናንተ በፋሲካ የእሱን ትጠብቃላችሁ። ገንዘብ አይወጣበትም፤ ቃል ግን ይወጣበታል።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን አንድ ሰው ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ለቅሶ አለ፣ ሕመም አለ፣ አገር ቤት መሄድ አለ። ሁለት ሰው ካለ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፤ አንዱ ያላየውንም ሌላው ያያል። ደግሞም ሰውን ከማስገደዳችሁ በፊት ጠይቁ። በእምነታቸው ወይም በፍርሃት ምክንያት ውሻ መንካት የማይፈልጉ ብዙ ናቸው። የቤት ሠራተኛችሁ በይሉኝታ «እሺ» ስላለች ብቻ ሥራው አይሠራም።

ድስቱ፣ ጾሙና በዓሉ

ብዙዎቻችን ቤት የውሻ ምግብ ከሥጋ ቤት የሚመጣ ትርፍራፊና ሳንባ በሩዝ የተቀቀለ ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውስጥ ፍልሰታ አለ፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል። ጥበቃችንም ይጾማሉ፤ ሥጋ የነካ ድስት ለራሳቸው አይጠቀሙበትም። ለውሻው የራሱን ድስትና ጭልፋ ገዛን፤ ከጾሙ በፊት ሥጋው ተቀቅሎ በየቀኑ ልክ በፌስታል ተከፋፍሎ ፍሪዘር ገባ። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ቢበላሽ ደግሞ መጠባበቂያ የሚሆን አንድ ከረጢት ደረቅ የውሻ ምግብ አስቀመጥን። አዲስ ምግብ የምታስጀምሩ ከሆነ ከመሄዳችሁ ከሳምንት በፊት ከለመደው ጋር እየቀላቀላችሁ አለማምዱት።

ከጾሙ በላይ የሚያስፈራው ግን በዓሉ ነው። ወጣችን በሽንኩርት ነው የሚሠራው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። የተቀቀለ አጥንት፣ ይልቁንም የዶሮ፣ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። እንግዳ በደግነት የሚወረውራት አንዲት ጉርሻ ስንቱን ጥንቃቄ ታፈርሳለች። የእንቁጣጣሽና የመስቀል ርችት የሚያስደነግጠው ውሻ ከሆነም ማታ ማታ ቤት ይግባ፤ የግቢው በር ይቆለፍ።

የክረምቱ ቅዝቃዜም አለ። መገጣጠሚያው ለታመመ ውሻ እርጥብ ሲሚንቶ ጠላቱ ነው። እኛ ከእንጨት ፓሌት ላይ አሮጌ ፍራሽና ጆንያ ደርበን ከመሬት ከፍ አደረግንለት። አልጋው ከእናቴ አሮጌ ጋቢ በቀር ምንም አላስወጣንም።

ከጉዞው በፊት ያለው ወር

ሐኪም ዘንድ በመጨረሻው ሳምንት አትሂዱ፤ ቢያንስ አንድ ወር ሲቀር ሂዱ። የደም ምርመራ ይደረግ፣ ጥርሱ ይታይ፣ ይመዘን። የእብደት ክትባቱ በጉዞው መሃል የሚያልፍበት ከሆነ ቀድማችሁ አሳድሱ። እናንተ በሌላችሁበት ውሻው ሰው ቢነክስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ካርዱ ነው። ለተንከባካቢውም ንገሩት፦ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያጥባል፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሄዳል።

መድኃኒቱን ለሙሉ ጊዜው ገዝታችሁ አስቀምጡ፤ የውሻ መድኃኒት በተፈለገ ሰዓት ከገበያ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ በቀይ ቀለም ጻፉ፦ የሰው ማስታገሻ አይሰጥም። አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች» የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ ልምምድ አድርጉ። እናቴ ለሁለት ቀን እኔ ጋ መጥታ አደረች። መምህሩ መድኃኒቱን ሥጋ ውስጥ ደብቆ ሲሰጥ መከታ ሥጋውን በልቶ ክኒኑን ተፋው። ይህን ያወቅነው ኮተቤ ሆነን እንጂ ሜሪላንድ ሆነን አልነበረም። መፍትሔውም እዚያው ተገኘ፤ በእርጎ።

እውነቱን የሚያስነግር ጥያቄ

«እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሚመጣው መልስ «ደህና ነው» ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥነው። መምህሩ በየማታው በቴሌግራም ሦስት ነገር ይልካል፦ የባዶ ወይም የሙሉ ሳህን ፎቶ፣ ሲራመድ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ፣ መድኃኒቱን ወስዷል ወይስ አልወሰደም የሚል አንድ ቃል። በየሁለት ሳምንቱ ይመዝነዋል፤ ውሻውን አቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከዚያ የራሱን ኪሎ ይቀንሳል። ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ከጎደለ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው።

ጥበቃችንም የራሳቸው ሥራ ተሰጣቸው፦ ውሻው ተኝቶ ሳለ የአንድ ደቂቃ ትንፋሹን መቁጠር። በእረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ውሻ በደቂቃ ከ30 በታች ይተነፍሳል። እሳቸው ይህን ሥራ ወደዱት፤ በየቀኑ በእስክሪብቶ ግድግዳ ላይ ይጽፉ ነበር።

ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈችው ወረቀት እንዲህ ትላለች፦

• ለአንድ ቀን ሙሉ ካልበላ ይደወል። ድመት ከሆነች ይበልጥ ይፈጠን፤ ሁለት ሦስት ቀን ያልበላች ድመት ጉበቷ ይጎዳል።
• ከሁለት ጊዜ በላይ ካስመለሰ፣ ደም ካየን፣ መሽናት ካቃተው፣ ሆዱ ከተነፋ፣ መነሳት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ይደወል።
• ከወትሮው እጅግ ብዙ ውኃ መጠጣት ከጀመረ ይነገር።
• የሐኪሟ ስልክ፣ የሌላ ተተኪ ሐኪም ስልክ፣ የታክሲ ስልክ።
• ለመጥፎ ዜና ማንም አይወቀስም። ለተደበቀ ዜና ግን እንቀያየማለን።

ለድንገተኛ ሕክምና 15,000 ብር ለብቻው እኔ ጋ ተቀመጠ። ክፍያውን ለክሊኒኩ በቴሌብር በቀጥታ እልካለሁ፤ ተንከባካቢው ከኪሱ አያወጣም፣ ገንዘብ ስለሌለው ብሎም አይዘገይም።

የማን ውሳኔ ነው?

ይህን ጥያቄ ያነሳችው ሐኪሟ ናት። ውሻው በጠና ቢታምና ማዳን ባይቻል ማን ይወስናል? እናቴ መጀመሪያ ላይ መስማት አልፈለገችም። በማግስቱ ግን በራሷ እጅ ጻፈች፦ የሚድን ከሆነ አሳክሙት፤ የሚሠቃይ ከሆነ እኔን እንዲጠብቅ አታድርጉት፤ አባቱ በተከላቸው ዛፎች ሥር ቅበሩት፤ የሆነውን ሁሉ በዚያው ቀን ንገሩኝ። እኔ ፈረምኩ።

በመስቀል ማግስት ሌሊት 9 ሰዓት መምህሩ ደወለ። መከታ ሦስት ጊዜ አስመልሷል፤ ውኃም አልጠጣም። ሲነጋ ክሊኒክ ወሰድነው፤ የደም ምርመራው ኩላሊቱ እንደደከመ አሳየ፤ ግሉኮስ ተሰቀለለት። እኔ ስልኬን ይዤ ቆምኩ። «ነገ ሻል ሲለው እነግራታለሁ» የሚለው ሐሳብ እንዴት እንደሚጣፍጥ ያን ጊዜ ገባኝ። ጥበቃችንን ሦስት ዓመት ሙሉ በልቤ ስወቅሳቸው ኖሬ፣ ለካ እኔም ከእሳቸው አልሻልም ነበር።

ደወልኩ። እዚያ ሌሊቱ ተጋምሷል፤ እናቴ ግን ሕፃኗን ይዛ ነቅታ ነበር። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ይጠጣል? ያመዋል? ዶክተሯ ምን አለች?» ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ «ሁለት ቀን ይታከም፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለች። ሲያበቃ «ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ማታ መከታ ሩዝ ላሰ። በሦስተኛው ቀን ግቢው ገባ። ምግቡ ሐኪሟ ባዘዘችው ተለወጠ፤ ከድንገተኛው ገንዘብ የተረፈውን ለአዲሱ ምግብ አዋልነው።

ኅዳር ላይ እናቴን ከቦሌ ይዘናት ስንገባ መከታ አልሮጠም፤ ሩጫው ድሮ ቀርቷል። ጭንቅላቱን ቀና አደረገ፣ አየሩን አሸተተ፣ ጅራቱ ጆንያውን መምታት ጀመረ። እናቴ የመንገድ ልብሷን ሳትለውጥ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ጥበቃችን ሻንጣውን አስገብተው ተመለሱና ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ደህና ነው እትዬ» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት፦ «ትናንት ማታ ግን ግማሹን ነው የበላው።»